በፍልሰታ የመጡት ሽማግሌዎች

ነይ፣ ወዲህ ጠጋ በይ። ስልክሽንም ገልብጪው፤ ግማሽ ጆሮሽን ለኔ፣ ግማሹን ለኢንስታግራም ከሰጠሽ አልነግርሽም። እማዬ «ይሄ ነገር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» ብላ አስምላኛለች። ግን አንቺ የቤት ሰው ነሽ፣ ስለዚህ ወጣ አይባልም። ደግሞ ለሰው ካልነገርኩት ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው። እስካሁን ብቻዬን ሻወር ውስጥ ስገባ በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የምታጠበው። እና መጨረሻ ላይ «ውሸትሽን ነው» ብትዪኝ አኮርፍሻለሁ፤ ካሁኑ እወቂው።

እህቴ ሔርሜላ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። እኔ ሔቨን አሥራ ስምንት፣ ሃይስኩል የጨረስኩት ገና ባለፈው ሜይ። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ያለው አፓርትመንታችን ውስጥ አንድ ክፍል ሼር እናደርጋለን። ተደራራቢ አልጋ ነው፣ እሷ ላይ እኔ ታች፤ ስታለቅስ ለኔም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የልቧን ነገር ባልፈልግም አውቀዋለሁ።

የምትሠራው ፓርክ ሂል አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። እንዳልክን ያገኘችው እዚያ ነው። ያኔ አዛውንቶቹን ሐኪም ቤት የሚያመላልሰውን ቫን ይነዳ ነበር። መጀመሪያ ቀን ዊልቸር እየገፋ ሲመጣ በሩን ያዘችለት። እሱ ማመስገኑን ረስቶ ዝም ብሎ አያት፣ እሷም አየችው፣ በሩ ከእጇ አምልጦ ዊልቸሩን መታው፣ የተቀመጡት ሴትዮ ሁለቱንም አንድ ላይ ተሳደቡ። በቃ፣ የፍቅራቸው ታሪክ ይሄ ነው። እንዳልክ ብዙ አያወራም። ያያል። ሲያይሽ ደግሞ ዓይኑን ቶሎ አያነሳም፤ ከኋላሽ ሩቅ ያለ ነገር የሚፈልግ ነው የሚመስለው።

አሁን ችግሩን ስሚ። እንዳልክ ጴንጤ ነው። አባዬን ታውቂዋለሽ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቦርድ አባል ነው። የአጎቴ ልጅ ጴንጤ ስታገባ ሠርጉ ላይ አልተገኘም፤ እስከዛሬ ስሟን አይጠራም፣ «ያቺ ልጅ» ነው የሚላት። ስለዚህ ሔርሜላ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳልክን ደበቀችው። ስትቀጥረው እኔን ይዛ ትወጣለች፣ ለሽፋን። የበላሁት ኬክ ብዛት!

ያ ሳያንስ ጋሽ ሀብቱ መጡ። ጋሽ ሀብቱ የድሮ ባሕር ኃይል ናቸው፣ ምጽዋ ያገለገሉ። ዴንቨር ሃያ ዓመት ታክሲ ነዱ፤ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። አንድ ቀን ተነስተው ኦሪገን ሄዱና ትንሽ የዓሣ ጀልባ ገዙ። ሰው ሁሉ አበዱ አለ። ጀልባዋ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ከሚመላለሰው ከአሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ እንኳን ታጥራለች። በሷ መቶ ሠላሳ ማይል ወደ ውቅያኖሱ ገብተው፣ ቱና እያጠመዱ፣ አሥር አሥራ ሁለት ቀን መሬት ሳያዩ ይቆያሉ። ረዳት አጥተው እንዳልክን ጠየቁት። አንድ ጊዜ ብቻ ብሎ ሄደ። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ሦስተኛ።

ከአራተኛው ጉዞ በፊት ለሦስት ቀን ዴንቨር መጥቶ ነበር። ኢስት ኮልፋክስ ፌርማታ ላይ ቆመን አውቶቡስ እንጠብቃለን፤ እኔ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ፣ ያልሰማሁ መስዬ፣ ሁሉንም እየሰማሁ። ፊቱ ጠቁሮ ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቋል።

«እዚያ ውሃ ላይ ምን አለ?» አለችው።

«ምንም የለም» አላት። «ለዚያ ነው መሰለኝ።»

«ይሄ መልስ ነው? እኔ ፊትህ ቆሜ እያለሁ እኔን አይደለም እኮ የምታየው! አሁን ራሱ ውሃ ነው የምታየው!»

«ሔርሚ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በኋላ አባትሽ ፊት እቆማለሁ።»

«አትቁም። ከሄድክ አትመለስ።»

አውቶቡሱ መጣ። ተሳፈርን። በመስኮቱ በኩል መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጠፈው። እሷ ፊቷን አዞረች። እኔ አየሁት፤ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጁ እንዳለ ነበር፣ መስታወቱ ከሄደ በኋላ አየር ላይ ቀረ። 

ጀልባዋ ላይ አንዲት ብርቱካናማ መሣሪያ አለች፤ ከእጅሽ አትበልጥም። ከሳተላይት ጋር ነው የምታወራው። በየአሥር ደቂቃው ያሉበትን ቦታ ትልካለች፤ አንቺ ስልክሽ ላይ ሊንኩን ስትከፍቺ ካርታ ላይ ነጥብ ታያለሽ። ማታ ማታ እንዳልክ አንድ ቁልፍ ሲጫን «ደህና ነን» የሚል ቴክስት ይመጣል። ሁሌም ያው ነው፤ አስቀድሞ የተጻፈ፣ የማይጨመርበት የማይቀነስበት።

ሔርሜላ አኩርፋለች፣ አትመልስለትም። ነጥቧን ግን ሥራ ላይ ታያለች፣ አውቶቡስ ላይ ታያለች፣ ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ታያለች። መስመሯን ማንበብ ሁሉ ተምራለች። ቀን ቀን የመንጠቆ ገመድ እየጎተቱ ስለሚሄዱ ነጥቧ ቀጥ ያለ መስመር ትሠራለች። ማታ ሞተር አጥፍተው ሲተኙ ውሃው እንደፈለገ ይወስዳቸዋል፤ ያኔ መስመሩ ይጠማዘዛል፣ ሰው እስክሪብቶ ሲሞክር እንደሚሞነጫጭረው። ካርታው ላይ ሌላ ምንም የለም፣ አይገርምሽም? ዙም አውት ብታደርጊ ሰማያዊ፣ ዙም ኢን ብታደርጊ ሰማያዊ። አንዴ አብሬያት ሳይ ጸጉሬ ቆመ። ነጥቧ እኛን የምታየን መሰለኝ።

ሐሙስ ዕለት፣ ሁለተኛው የፍልሰታ ሳምንት ላይ፣ ምሳ እየበላን ስልኳን አየችና እጇ ቆመ።

«ምንድነው?» አልኳት።

«ተጠማዘዘ።»

«እና? ሁሌ ይጠማዘዝ የለ?»

«ሔቪ፣ ቀን ነው እኮ።» ድምጿ የሷ አይመስልም ነበር። «ቀን አይጠማዘዝም።»

የዚያን ዕለት «ደህና ነን» አልመጣም።

አርብ ሔርሜላ ለኮስት ጋርድ፣ ለባሕር ጠረፍ ጠባቂዎቹ፣ ደወለች። ያነሳው ሰውዬ ትሁት ነበር፤ ከባድ ጭጋግ አለ፣ ነጥቧ ወዳለችበት መርከብ እንልካለን አላት። አዲስ ነገር ካለ ግን የምንደውለው ተጠሪ ሆኖ ለተመዘገበው ሰው ነው አለ። የእንዳልክ ተጠሪ ደግሞ አጎቱ ጋሽ ባሕሩ ናቸው። እሷ ለጋሽ ባሕሩ ምን ብላ ትደውል? ማን ነኝ ትበል?

ያንኑ ቀን ፖስታ መጣ። ከኦሪገን፣ ከመውጣቱ በፊት ወደብ ላይ የላከው ደብዳቤ። ስሟን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፎታል። ትከፍተዋለች ብዬ ብጠብቅ ትራሷ ሥር አስገባችው።

«አብደሻል? ክፈቺው እንጂ!»

«አልከፍተውም» አለች። «ካልከፈትኩት ገና የሚነግረኝ ነገር አለ።»

እኔ ታች ተኝቼ ያን ፖስታ ከላዬ አስበው ነበር። ልክ የሆነ ሰው ከላይ ተኝቶ ትንፋሹን እንደያዘ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አልጋው ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብዬ ብድግ ስል እየሳቀች ነው።

«ቀጥ አለ! ሔቪዬ፣ እይው፣ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት እየመጣ ነው! ሞተሩ ተነስቷል!»

እውነቷን ነው። ያ ሁሉ ጥምዝምዝ አልቆ ነጥቧ በማስመሪያ እንደተሰመረ ወደ ምሥራቅ ትሮጣለች። በባዶ እግራችን ምንጣፉ ላይ ጨፈርን። በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም፤ አሁን ሳስበው ነው የሚዘገንነኝ።

አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ አይደል? ማንም ደውሎ አይነግርሽም። ገና ሳትቀምሺ ሳትለብሺ፣ በጠዋት፣ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው ይመጣሉ። እማዬ በሩን ስትከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አለቻቸው።

ገቡ። አልተቀመጡም። «የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ ፊት ያሉት ሰውዬ፣ መሬት መሬት እያዩ።

 አያቴ አዲስ አበባ ሁለት ወር ሙሉ ታማ ነበር። «እናቴ ናት?» አለች እማዬ። «ንገሩኝ፣ እናቴ ናት አይደል?» መልስ አልጠበቀችም። «ወይኔ እናቴን!» ብላ ደረቷን መታች።

ሔርሜላ ከጓዳ እየሳቀች ወጣች፣ ስልኳ እጇ ላይ ነው። ፊት የቆሙትን ሰውዬ አየች። ጋሽ ባሕሩ። የእንዳልክ አጎት። የሚደወልላቸው ሰው። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ከዚያ የወጣው ድምፅ ከሰው የሚወጣ አይደለም፤ እኔ እህቴ ውስጥ እንደዚያ ዓይነት ድምፅ መኖሩን አላውቅም ነበር።

«ወይኔ እንዳልኬ! እንዳልኬ! በአፌ ገደልኩህ! እንዳልኬ!»

አንድ ሳሎን ውስጥ ሁለት ሴቶች ለሁለት የተለያዩ ሰዎች ያለቅሳሉ። መስኮቱ ክፍት ነበር። ፓርኪንጉ ላይ የሰው ውሻ ሁሉ ማልቀስ ጀመረ፣ እማልልሻለሁ።

አባዬ ከሌሊት ሺፍት መጥቶ ገና መተኛቱ ነበር። በካኒተራ ወጣ። አንዴ እማዬን፣ አንዴ ሔርሜላን አየ።

«እንዳልክ ማነው?» አለ።

«በኢየሱስ ስም!» ጋሽ ባሕሩ ኮፍያቸው ወደቀ። «ኧረ ማንም አልሞተም! ምን ሆናችሁ? እኛ የመጣነው ልጅ ልንጠይቅ ነው!»

እማዬ ለቅሶዋን መሃል ላይ አቆመችው። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች። «በፍልሰታ?» አለች።

«እ?»

«በፍልሰታ ሽማግሌ ይላካል? ሰው ጾም ይዞ፣ ሱባዔ ላይ ሆኖ? ያውም ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት?»

«ሦስት ሰዓት ሥራ እገባለሁ እኮ» አሉ ጋሽ ባሕሩ፣ ልክ እንደተቆጡት ልጅ። «ፍልሰታውን… እኛ እንግዲህ አንጾመውም፣ አላወቅንም። ልጁ ዛሬ ሂዱልኝ ብሎ ነው።»

መሳቅ ነበረብን። እኔ ልስቅ ስል ሔርሜላ ተነሳች። ሁለት እጃቸውን ያዘች።

«ጋሼ፣ ማንም አልደወለልዎትም? ከኦሪገን?»

«የማላውቀው ቁጥር አላነሳም። ሁሉም ኢንሹራንስ ሻጭ ነው።» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። መነጽራቸውን ፈለጉ። 

አራት ሚስድ ኮል። ሁሉም ከአንድ ቁጥር። የመጀመሪያው አርብ አመሻሽ ላይ፣ የመጨረሻው ከሃያ ደቂቃ በፊት።

ስልኩን ለኔ ሰጡኝ። «አንቺ እንግሊዝኛሽ ይሻላል፣ ልጄ» አሉኝ። ደወልኩ። ሴት አነሳች። ረጋ ብላ፣ ቃል በቃል፣ ነገረችኝ። ሁሉም አፌን እያዩኝ ነው። አስቢው እስቲ፣ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። እንደዚህ ዓይነቱን ነገር እንዴት እንደሚናገሩ የሚያውቁ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል፣ ተናጋሪዋ ግን እኔ ነኝ።

«ነጥቧን አገኟት» አልኩ።

«ጀልባዋን?» አለች ሔርሜላ።

«ነጥቧን። መሣሪያዋን። ጭጋግ ውስጥ ውሃው ላይ ስትንሳፈፍ። መንሳፈፊያ ላይ ታስራ ነበር… ብቻዋን።» ወደ ሔርሜላ ዞርኩ። «ቀጥ ብላ የምትመጣው መርከባቸው ላይ ጭነዋት ነው። ጀልባዋ የለችም።»

 የሔርሜላ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ክፍት ነበር። ነጥቧ አሁንም ትመጣለች፤ ቀጥ ብላ፣ ደስ የሚል መስመር እየሠራች፣ ማንንም ሳትይዝ። ሁለት ቀን ሙሉ እህቴ ዓይኗን ያልነቀለችው ከባዶ ውሃ ላይ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ከታች ፎቅ እትዬ ቀጸላ ለቅሶ ሰምተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንድ ድስት ሽሮ ይዘው መጡ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ! ማን ነው?» ከኋላቸው ሌሎች ሁለት ጎረቤቶች።  ጥግ ይዘው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ግን እንደቆሙ ናቸው።

ጋሽ ባሕሩ ኮፍያቸውን ከመሬት አነሱ። «አቶ ወልደሚካኤል» አሉ አባዬን፣ «እኛ ጥያቄያችንን ይዘን እንመለስ። ላኪው በሌለበት…»

«አይመለሱም» አለች ሔርሜላ።

«ልጄ…»

«የመጡበትን ይናገሩ። ጮክ ብለው ይናገሩ።» ወደ አባዬ ዞረች። «አባዬ፣ ከሄድክ አትመለስ ብዬዋለሁ። ከኔ የሰማው የመጨረሻ ቃል እሱ ነው። እሱ ቃል ነው እዚያ ውሃ ላይ አብሮት ያለው። በዚህ ቤት አንድ ሰው ሌላ ቃል ይናገርለት። ዛሬ። አስበን እንነግራችኋለን አይባል፣ ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ኑ አይባል።»

የጋሽ ባሕሩ ድምፅ ተሰበረ። «ልጃችሁን… ለልጃችን ለእንዳልክ ትሰጡን ዘንድ ነው የመጣነው።»

አባዬ ካኒተራውን ያዘው፣ አሁን ገና ልብስ እንዳልለበሰ ያወቀ ይመስል። «ጴንጤ ነው?» አለ።

«ነው።»

  አባዬ ያን ስልክ፣ ያን ነጥብ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ዋና ይችላል?»

ጋሽ ባሕሩ «እንጃ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሔርሜላ ቀደመቻቸው። «ይችላል» አለች። በኋላ ስጠይቃት አታውቅም ነበር።

«ባይመለስስ፣ ልጄ? ሳታገቢ መበለት ነው የማደርግሽ።»

«አድርገኝ» አለችው።

አባዬ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ተቀመጡ» አለ። «ሰጥቻለሁ።»

ተቀመጡ። እማዬ «እል…» ብላ ጀመረችና አፏን በእጇ ያዘችው። ግማሽ እልልታ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ሰምቻለሁ። ክፍሉ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ማን እንደሚጨርሰው የሚያውቅ የለም። እትዬ ቀጸላ ነጠላቸውን ወደ ደስታ ይገልብጡት ወይ እንዳለ ይተዉት ጨንቋቸው ጫፉን ብቻ ይዘው ቀሩ።

ማንም አልሄደም። ጋሽ ባሕሩ ሥራ ደውለው አልመጣም አሉ። ስምንት ሰዓት ገደማ ሔርሜላ ፖስታውን አምጥታ ሰው ፊት ከፈተችው። አንብቢልኝ ብላ ለኔ ሰጠችኝ፤ አልቻለችም።

«ሔርሚዬ» ይላል፣ «አኩርፈሻል፣ ልክ ነሽ። ውሃው ላይ ምን አለ ብለሽኝ መልስ አልሰጠሁሽም። ማታ ሞተሩን ስናጠፋ ዝምታው ይመጣል። እንደ ሰው ነው፤ መጥቶ መሃላችን ይቀመጣል። ጭጋግ ሲሆን ደግሞ ድምፅ አለ። ጋሽ ሀብቱ ከባሕር ኃይል ጀምሮ አንድ ሕግ አላቸው፤ ጭጋግ ውስጥ ስምህ ሲጠራ ብትሰማ አቤት እንዳትል። እኔ ሁለቴ ሰምቻለሁ። ዝም አልኩ። ግን ድምፁ ያንቺ ቢሆን ዝም የምል አይመስለኝም። በሚመጣው ቅዳሜ ጋሽ ባሕሩ ቤታችሁ ይመጣሉ። አባትሽ እምቢ ይሉ ይሆናል፤ ይበሉ። ለአንዴ እንኳን የኔና ያንቺ ስም አንድ ክፍል ውስጥ በሰው አፍ አብሮ ይጠራ። በጠዋት ስለሚመጡ እንዳትደነግጪ።»

«እንዳትደነግጪ» የሚለው ላይ ስደርስ በሌለ ሰው ድምፅ ያነበብኩ መሰለኝ። አባዬ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። ጀርባው ብቻ ነበር የሚታየን።

አሥር ሰዓት ላይ የጋሽ ባሕሩ ስልክ ጮኸ። አንደኛው ጥሪ ሳያልቅ አነሱት። ሰሙ። ሰሙ። ከዚያ ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

«ሌላ የቱና ጀልባ አግኝቷቸዋል» አሉ ከኮፍያው ሥር። «እየጎተታቸው ነው፤ የሬዲዮ መልእክቱ መሬት የደረሰው ገና አሁን ነው። ሁለቱም አሉ።»

እማዬ የጠዋቱን እልልታ ከቆመበት ቀጠለችው።

አሁን የማልኩበት ነገር ላይ ደረስን። እማዬ ያን ዕለት ሁሉንም አስማለች፤ ሽማግሌዎቹን፣ እትዬ ቀጸላን፣ ሁላችንንም። ለሰው በቁሙ ተለቀሰለት ማለት ሟርት ነው፣ ልጁ ፈጽሞ እንዳይሰማ፣ አለች። ማንም ለእንዳልክ አልነገረውም። ይሄን ያዢልኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደወለ፣ ከወደብ፣ በሰው ስልክ። ሔርሜላ ስፒከር ላይ አደረገችው፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እኔ መሰላሉ ላይ።

«ሔርሚ?»

ዝም።

«ሔርሚ፣ አለሽ?»

«ተመለስ» አለች። እንባዋ ስልኩ ላይ ይንጠባጠባል። «ያልኩህን እርሳው። ተመለስ። ሁልጊዜ ተመለስ።»

«እየመጣሁ ነው» አላት። ድምፁ ሻክሯል። «ሽማግሌዎቹስ?»

«አባዬ ሰጥቷል።»

ከኋላው የወፎች ጩኸት ይሰማል። ከዚያ ነገራት። ሐሙስ ማዕበል ከጎን መታቸው፤ መሣሪያዋን ከነመንሳፈፊያዋ ነቅሎ ወሰደ፣ ሞተሩንና ባትሪውን ውሃ በላው። ሁለት ቀን ሙሉ በእጃቸው ውሃ ሲቀዱ ቆዩ። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ሁለቱም በተቀመጡበት እንቅልፍ ጣላቸው። ውሃው ይገባል፣ እነሱ ተኝተዋል።

«ሔርሚ፣ ቅዳሜ ጠዋት አልቅሰሽ ነበር?» አላት።

እኔና እሷ ተያየን። «ማን ነገረህ?»

«ማንም። ሰማሁሽ። ጭጋጉ ውስጥ። እንዳልኬ፣ እንዳልኬ እያልሽ። አቤት አልኩ። አቤት ብዬ ነው የነቃሁት፤ ውሃው ጉልበቴ ደርሷል። የእጅ ጥሩምባዋን አንስቼ ነፋሁ፣ ነፋሁ። በዚያ የሚያልፍ ጀልባ ሰምቶን መጣ። እዚህ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር።»

እዚያ አሥራ ሁለት ሲሆን እኛ ጋ አንድ ሰዓት ነው። እኔ መሰላሉን ጨመቅኩት።

«ጋሽ ሀብቱም ሰምተዋል» አለ እንዳልክ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አብረን ነው የነቃነው። ግን እስካሁን እንከራከራለን። እሳቸው እንዳልክ አላለችም ይላሉ። ‹ሀብቱ ነው ያለችው፣ ወይኔ ሀብቱ ነው ያለችው፣ እኔ አቤት ያልኩት ለዚያ ነው› ይላሉ። አሁንም እዚህ ወደቡ ላይ ፎጣ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሰው ባለፈ ቁጥር ቀና ብለው ያያሉ።»

  አልጋው ተንቀጠቀጠ፣ ከማናችን እንደሆነ አላውቅም።

ይሄን ሁሉ ካንቺ በፊት የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለሊዲ። ሴንቴኒያል እነሱ ቤት ደጃፍ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠን፣ በጠራራ ፀሐይ። ሊዲን ታውቂያታለሽ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በሁሉ ነገር የምትስቅ። እንድትስቅብኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ የነገርኳት፤ ብትስቅ ይቀለኝ ነበር። አልሳቀችም። የመኪናዋን በር ከውስጥ ሎክ አደረገች። ከዚያ ያለችኝን ቃል በቃል ልድገምልሽ፦

«ሔቪ፣ ያን ሁሉ ሰው ቤታችሁ ተሰብስቦ ሲያለቅስ ለጋሽ ሀብቱ ያለቀሰ አንድ ሰው አልነበረም አይደል? ታዲያ እሳቸውን የጠራቻቸው ማን ናት?»